እርጎ ከካንሰር ያድናልን?
ከቦንጋ ማጀት የተነሳ ጥያቄ



በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ወደ ካፋ፣ ወደ ቦንጋ ይዘናችሁ እንጓዛለን። የምናነሳው ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ በገበታ ዙሪያ ቀርቶ ባልና ሚስት ለብቻቸው ሲሆኑ እንኳ ሊነጋገሩበት የሚያፍሩት ነው። ይሁን እንጂ በዝምታው ምክንያት የሚጠፋው የሰው ሕይወት ስለሆነ፣ ዛሬ ሐፍረቱን ወደ ጎን ብለን እንነጋገርበታለን።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች የአንዱ አጎት በቦንጋ ከተማ ለረጅም ዓመታት በቡና ንግድ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስልሳ ዓመታቸውን እንደ ተሻገሩ ከሰገራቸው ጋር ደም ማየት ጀመሩ። «ኪንታሮት ነው፣ ያልፋል» አሉና ለባለቤታቸው እንኳ ሳይናገሩ ቆዩ። በኋላ አንድ ወዳጃቸው፣ «እርጎ አንጀት ያጥባል፤ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግህም» ብሎ መከራቸው። ጠዋትና ማታ እርጎ ይጠጡ ጀመር። ደሙ አንዳንድ ሳምንት ጋብ ስለሚል ያሻላቸው መሰላቸው። እንዲህ እያሉ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ልብሳቸው እየሰፋባቸው ሲሄድ፣ ለጁሙዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ልጆቻቸው ደንግጠው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ከቦንጋ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። በምርመራ የተገኘው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። ወደ ጉበታቸውም ተሰራጭቶ ነበር። ብዙ ሳይቆዩ ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ከሐዘኑ በኋላ ወጣቶቹ ልጆቻቸው አንድ ጥያቄ አነሱ። «እርጎ ለአንጀት ይጠቅማል ሲባል ነው ያደግነው። እንግዲያው ውሸት ነበር ማለት ነው?» ከመካከላቸው ትንሹ ደግሞ፣ «እኔ ኢንተርኔት ላይ ፕሮባዮቲክ የአንጀት ካንሰርን ይከላከላል የሚል አንብቤአለሁ። ታዲያ ማንን እንመን?» አለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእነርሱ የሰጠነውን መልስ ለእናንተም ማካፈል ወደድን።

ካንሰሩ እንዴት ይጀምራል?

ትልቁ አንጀት ወይም ደንዳኔ የምንለው አካል ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከቀጭኑ አንጀት የሚመጣውን የምግብ ቅሪት ተቀብሎ ውኃውን ይመጥጣል፤ የቀረውን ወደ ፊንጢጣ ይልካል። የውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍኑት ሕዋሳት በየጥቂት ቀኑ ይረግፋሉ፤ በቦታቸውም አዲስ ይተካል። በዚህ የማያቋርጥ መተካካት መካከል አንዳንድ ጊዜ ስሕተት ይፈጠርና፣ ጥቂት ሕዋሳት ማቆም ያለባቸው ላይ ሳያቆሙ መራባት ይቀጥላሉ። በግድግዳው ላይ እንደ ኪንታሮት ያለች ትንሽ እባጭ ትበቅላለች። ሐኪሞች ፖሊፕ ይሏታል።

አብዛኞቹ ፖሊፖች ወደ ካንሰር አይለወጡም። የሚለወጡትም ቢሆኑ በአንድ ጀምበር አይደለም። ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። አንባቢያን ይህን ነጥብ አጥብቀው እንዲይዙልን እንፈልጋለን። በሽታው በዝግታ የሚሄድ ስለሆነ ለመከላከልም፣ ቀድሞ ለመያዝም ሰፊ ጊዜ ይሰጣል። ችግሩ ያን ጊዜ በዝምታ የምናባክነው እኛው መሆናችን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር እንደ ታመሙ፣ ከ930 ሺህ በላይ የሚሆኑትም እንደ ሞቱ ታውቋል። በካንሰር ምክንያት ከሚደርሰው ሞት ውስጥም ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባን ሕሙማን ሲመዘግብ የቆየው የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች መካከል ይህ በሽታ ከፊተኞቹ ተርታ ነው።

በአንጀታችን ውስጥ ያለው መንደር

አሁን ወደ እርጎው እንመለስ። ሰው ብቻውን አይኖርም ይባላል። አባባሉ ለአንጀታችንም ይሠራል። በሰውነታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ወደ 38 ትሪሊዮን እንደሚጠጉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አስልተዋል። የሰውነታችን የገዛ ሕዋሳት 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች እጅግ የሚበዙት የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

እንደ ማንኛውም መንደር፣ በዚያም ደግ ጎረቤትና ክፉ ጎረቤት አለ። ደጎቹ እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር፣ ማለትም በተለምዶ ፋይበር የሚባለውን የእህልና የቅጠላ ቅጠል ክፍል ያብላላሉ። ከዚያም ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጣሉ። ቡቲሬት ለአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛው ምግብ ነው። ግድግዳው እንዳይቆጣ ያረጋጋል፤ የተበላሹ ሕዋሳትም በጊዜያቸው እንዲሞቱ ይረዳል።

ክፉዎቹ ደግሞ ሌላ ሥራ አላቸው። ፉዞባክቴሪየም የተባለው፣ በተለምዶ በአፍ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ፣ በአንጀት ካንሰር እባጮች ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። ኢ-ኮላይ ከተባሉት ባክቴሪያዎች መካከልም አንዳንዶቹ የሕዋስን የዘር ቅንጣት የሚያበላሽ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ የሚተወውን የተለየ ጠባሳ የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በካንሰር ሕሙማን ሕዋሳት ውስጥ አግኝተውታል።

እንግዲህ ሳይንቲስቶቹ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው። ደጎቹን ብናበዛ፣ ክፉዎቹ ቦታ ያጡ ይሆን?

ፕሮባዮቲክ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮቭ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ ያጠገቡት እርጎ ስለሚያዘወትሩ ነው የሚል አሳብ ከመቶ ዓመት በፊት አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሌላ ሥራው፣ ማለትም ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል በማጥናቱ ነው። ስለ እርጎ ያነሳው አሳብ ግን ዛሬ ፕሮባዮቲክ ለሚባለው ዘርፍ መነሻ ሆነ።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ለቃሉ ትርጉም አወጡለት። በእነርሱ አሳብ አንድ ነገር ፕሮባዮቲክ ለመባል ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በሕይወት ያሉ መሆን አለባቸው። መጠናቸው በቂ መሆን አለበት። ለጤና የሚሰጡት ጥቅምም መታወቅ አለበት። እነዚህን ሦስት ነጥቦች ይዘን ወደ ካፋ ማጀት እንግባ።

የካፋ ማጀት ሲፈተሽ

የካፋ ዞን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማውና የቦንጋ በጉ በአገር የታወቁ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጋር የካፋ እናቶች ማጀት የማብላላት ጥበብ የሞላበት ነው።

መጀመሪያ እርጎው። ቅሉ ወይም ማሰሮው በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ወተቱ ይጨመርና ይቀመጣል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይረጋል። ወተቱን የሚያረጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጭሱ ጣዕምና ሽታ ከመስጠቱም በላይ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ፣ ስለ አገራችን የብልት ምግቦችና መጠጦች የተደረጉትን ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰብስበው አቅርበዋል። እርጎ፣ ቆጮ፣ እንጀራና ዳጣ ከተነሱት መካከል ናቸው። እርጎ ሳይበስል ስለሚጠጣ ባክቴሪያዎቹ በሕይወት እያሉ ወደ ሆዳችን ይገባሉ። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ሰውም እርጎ ሲሆን ይስማማዋል፤ ምክንያቱም የወተቱን ስኳር ባክቴሪያዎቹ በከፊል ቀድመው ይፈጩለታል።

ቆጮውስ? እንሰቱ ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ይብላላል። የሚያብላሉትም እነዚያው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሆኖም ቆጮ የሚበላው በምጣድ ከተጋገረ በኋላ ነው። እሳቱ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። እንጀራም እንደዚያው ነው። ሊጡ በእርሾ ይብላላል፤ ምጣዱ ላይ ሲወጣ ግን ሕያው ባክቴሪያ አይተርፈውም። ስለዚህ ቆጮና እንጀራ የተብላሉ ምግቦች ቢሆኑም ፕሮባዮቲክ ልንላቸው አንችልም። ይህ ማለት ግን ጥቅም የላቸውም ማለት አይደለም። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዳጣ ሳይበስል ስለሚበላ ሕያው ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ሆኖም የሚበላው በጣት ጫፍ ያህል ነውና መጠኑ ትንሽ ነው። አይብ ደግሞ አሬራው ተሞቆ ስለሚወጣ ብዙው ባክቴሪያ በሙቀቱ ይጠፋል። እንግዲህ ከካፋ ማጀት ለፕሮባዮቲክ የሚቀርበው እርጎ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ የየቤቱ እርጎ ባክቴሪያ የየራሱ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም የታወቀ የጤና ጥቅም የሚለው፣ በየማሰሮው ተመርምሮ የተረጋገጠ አይደለም።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

በጣልያን አገር ከ45 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። እርጎ በብዛት የሚበሉት ሰዎች፣ ጥቂት ከሚበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል በሲሦ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ እርጎ የሚበሉ ወንዶች ለካንሰር መነሻ የሚሆነው ፖሊፕ የሚገኝባቸው በ19 በመቶ ባነሰ መጠን ነው። በሴቶቹ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም።

ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሰዎችን የሚያስተውሉ እንጂ የሚፈትኑ አይደሉም። እርጎ የሚያዘውትር ሰው ምናልባት ሲጋራ የማያጨስ፣ በእግሩ የሚሄድ፣ አትክልት የሚወድ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ የእርጎው ይሁን የአኗኗሩ፣ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በእርጎ ውስጥ ያለው ካልሲየምም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ሰዎችን በእጣ ከፍለው ከፈተኑት ጥቂት ጥናቶች አንዱ በጃፓን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ነው። ቀድሞ እባጭ የወጣላቸው 400 ያህል ሰዎች ተመረጡ። ከፊሎቹ ላክቶባሲለስ ካዜይ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ከፊሎቹ የስንዴ ፍሩሽካ፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም፣ ቀሪዎቹ ደግሞ አንዱንም ሳይወስዱ ለአራት ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ ምን ሆነ? አዲስ የሚበቅለው እባጭ ብዛት ልዩነት አላሳየም። ይሁን እንጂ ባክቴሪያውን በወሰዱት ላይ ወደ ክፉ የሚያደላው የእባጭ ዓይነት ቀነሰ።

እንግዲህ የወጣቱ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። እርጎ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ለመከላከል ሊያግዝ እንደሚችል የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ። ተረጋግጧል ማለት ግን አይቻልም። የበቀለውን ካንሰር እርጎ ያድናል የሚል ጥናት ደግሞ ጨርሶ የለም። የአጎታችን ስሕተት እርጎ መጠጣታቸው አልነበረም። እርጎውን በሐኪም ቦታ ማስቀመጣቸው ነበር።

ዋናው ነገር አሰሩ ነው

ስለ እርጎ ብዙ ስናወራ ከአፍንጫችን ሥር ያለውን መዘንጋት የለብንም። በዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት የሠራው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በአፍሪካ ገጠር የትልቁ አንጀት ካንሰር እጅግ ጥቂት መሆኑን አስተውሎ፣ ምክንያቱ ሕዝቡ የሚበላው አሰር የበዛበት ምግብ ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1971 ጻፈ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን አሳብ ባልተለመደ መንገድ ፈተነው። 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን እንዲለዋወጡ ተደረገ። አሜሪካውያኑ በቀን የሚበሉት አሰር ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም ከፍ አለ። አፍሪካውያኑ ደግሞ ስብ የበዛበትና አሰር ያነሰበት ምግብ ቀረበላቸው። በሁለት ሳምንት ብቻ የአሜሪካውያኑ የአንጀት ግድግዳ ቁጣ በረደ፤ የቡቲሬታቸው መጠንም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ጨመረ። በአፍሪካውያኑ ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ቡቲሬታቸው በግማሽ ወረደ፤ የግድግዳው ሕዋሳትም ለካንሰር በሚያሰጋ ፍጥነት መራባት ጀመሩ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ደጎቹ ባክቴሪያዎች ከውጭ ብቻ የሚጨመሩ አይደሉም፤ በውስጣችን አሉ። ምግባቸውን ከከለከልናቸው ይራባሉ፤ ከሰጠናቸው ይበዛሉ። ምግባቸውም ቆጮው፣ የጤፍ እንጀራው፣ በቆሎው፣ ጎደሬው፣ ባቄላው፣ አተሩ፣ ምስሩና ጎመኑ ነው። ቆጮ ሕያው ባክቴሪያ ባይኖረውም በአንጀታችን ላሉት ሕያዋን ስንቅ ይሆናቸዋል ያልነው ለዚህ ነው። በርካታ ጥናቶች በአንድነት ተጠቃለው ሲታዩ፣ በቀን የሚበላው አሰር በ10 ግራም ሲጨምር በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድል በ10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ተገልጿል።

ዛሬ በቦንጋም፣ በጅማም፣ በአዲስ አበባም ወጣቱ ቆጮና ቆሎ «የድሮ ምግብ ነው» ብሎ ወደ ነጭ ዳቦ፣ ወደ ብስኩትና ወደ ለስላሳ መጠጥ ሲያዘነብል እናያለን። የደቡብ አፍሪካው ጥናት ያሳየው ለውጥ የመጣው በሁለት ሳምንት ነው። በሃያ ዓመት የሚመጣውን አስቡት።

ስለ እንክብሎቹ

በከተሞች መድኃኒት ቤቶች ፕሮባዮቲክ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው እንክብሎችና ዱቄቶች ይሸጣሉ። ዋጋቸው ቀላል አይደለም። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን እወቁ።

አንደኛ፣ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለአብዛኞቹ የአንጀት ሕመሞች ፕሮባዮቲክን ለማዘዝ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። ጥቅማቸው በተወሰኑ ሁኔታዎች ላይ ነው፤ ለምሳሌ አንቲባዮቲክ ሲወሰድ የሚመጣን አንድ ዓይነት ክፉ ተቅማጥ ለመከላከል።

ሁለተኛ፣ ሕያው ባክቴሪያ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት እንዳይሰጥ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 አስጠንቅቋል። በካንሰር መድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሕመምተኛም ሐኪሙን ሳያማክር መውሰድ የለበትም።

ሦስተኛው ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች ነው። የብዙ እንክብሎች ሽፋን ከጄላቲን ይሠራል፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊወጣ ይችላል። ማሸጊያውን አንብቡ፤ የመድኃኒት ባለሙያውንም ጠይቁ። ከአትክልት የተሠራ ሽፋን ያላቸውም አሉ።

ሥጋ፣ መጠጥና ቡና

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው፣ እንደ ቋሊማ ያለ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ያመጣል። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል። ቀይ ሥጋም በብዛት ሲሆን ሳያመጣ አይቀርም በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። የዒድ በግ አይታረድ ማለታችን አይደለም። በዓል በዓል ነው። በየቀኑ ሥጋ ካልበላሁ ለሚለው ነው የምንናገረው።

የአልኮል መጠጥ ለዚህ ካንሰር ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል። ትንባሆም እንደዚሁ። ከማር የሚዘጋጀውን ብርዝ የምትጠጡ ቤተሰቦች፣ ሲቆይ እየፈላ ወደሚያሰክር መጠጥ ስለሚለወጥ በዕለቱ ጠጡት።

ካፋ ተወርቶ ቡና ሳይነሳ አይቀርም። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ቡና ካንሰር ያመጣል የሚል በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። የጉበት ካንሰርንም ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁሟል። ነገር ግን ከ65 ዲግሪ በላይ እየፋጀ የሚጠጣ ማንኛውም መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ አይበጅም። ስኒውን ትንሽ አብርዱት።

በቤታችን ምን እናድርግ?

እርጎውን አትተዉት። አሠራሩን ግን እናስተካክል። ጥሬ ወተት የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል፤ መርጋቱም ሁልጊዜ አያጠፋቸውም። ስለዚህ እናቶችና እኅቶች፣ ወተቱን መጀመሪያ አፍሉት። ጣት ነክቶ እስኪችለው ድረስ አብርዱት። ከዚያ ከትናንቱ ጥሩ እርጎ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ጨምራችሁ፣ በታጠበና በታጠነ ዕቃ ክደኑት። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ብርድ የማያጣት ከተማ ናትና ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ስኳር አታብዙበት።

በየቀኑ በገበታው ላይ ጥራጥሬና ጎመን አይጥፋ። በረመዷን ኢፍጣር ላይም ሳንቡሳውና ጣፋጩ ከሚበዛ፣ የምስር ሾርባና አንድ ብርጭቆ እርጎ ቢታከልበት አንጀት ያመሰግናል። በእግር መሄድን አታቋርጡ፤ ውፍረትንም ተጠንቀቁ።

ሐፍረቱን እንተው

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምልክቶቹን እወቁ። ከሰገራ ጋር ደም መታየት፣ ከሦስትና አራት ሳምንት በላይ የቆየ አዲስ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ተጸዳድተው ሲያበቁ ገና የቀረ ነገር ያለ መምሰል፣ የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት፣ በተለይ በወንድና በዕድሜ በገፋች ሴት ላይ የሚታይ የደም ማነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ሐኪም ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኪንታሮት፣ አሜባ ወይም የሆድ ትል ሆኖ ይገኛል። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ምርመራው የሚጀመረው በቀላሉ ነው። በሰገራ ውስጥ ዓይን የማያየውን ደም የሚለይ ምርመራ አለ። ካስፈለገ ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒ በተባለ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቱን ከውስጥ ያያል። ፖሊፕ ካገኘ እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል፤ ካንሰሩ ሳይፈጠር ቀረ ማለት ነው። በአሜሪካ መዝገብ መሠረት ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተያዘላቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ከአሥሩ ወደ ሁለት እንኳ አይደርስም።

አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ በሽታ የተያዙበት ሰው ደግሞ የእርሱም ዕድል በእጥፍ ያህል ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ምልክት ባያይም በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ በ10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ጊዜ መመርመር እንዲጀምር ይመከራል።

ይህን ለአጎታችን ልጆች ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ታላቁ 43 ዓመቱ ነው። «እኔም እኮ አንዳንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ሳምንት አላለፈም፤ ከታናሹ ጋር ሆኖ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ገባ፣ ተመረመረም። ሁለት ትናንሽ ፖሊፖች ተገኙበት፤ ተቆርጠውም ወጡ። ካንሰር አልሆኑም ነበር። አልሐምዱሊላህ። ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ የጠበቁት እርጎ ቀርቦለት ነበር። ጠጣው። ከምርመራው በኋላ ነውና፣ እኛም «አሁን ጠጣ» አልነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁት ማታ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት አባታችሁን ወይም እናታችሁን በአክብሮት ጠይቋቸው። ለእነርሱ መናገር ይከብዳቸዋል። ጥያቄው ከልጅ ሲመጣ ግን ይቀልላቸዋል።

አላህ ጤናውንና ዕድሜውን ይስጠን። አሚን።